ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባ ሲቀር፦ የትኛው የደም ምርመራ፣ መቼ?

ሐዋሳ ውስጥ የአንዲት የ29 ዓመት ሴት የወር አበባ ሦስት አራት ወር ሲቀር ምክንያቱ ከሐኪም በፊት ከጎረቤት ይነገራታል። «መርፌው ነው፣ ይመለሳል።» «ጭንቀት ነው።» «ከስተሽ የለም እንዴ!» አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ልክ ነው። በአገራችን በብዛት ከሚወሰዱት የወሊድ መከላከያዎች ቀዳሚው መርፌው ነው፤ ዲፖ የተባለው የመርፌው ዓይነት ደግሞ አንድ ዓመት ከተወሰደ በኋላ ከተጠቃሚዎቹ የግማሽ ያህሉን የወር አበባ ያስቀራል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ብዙ ወጣት ሴቶችን ከየገጠሩ ወደ ከተማዋ አምጥቷል። በፈረቃ የምትሠራ፣ ምሳ የምትዘልና ደመወዟን ከቤት ኪራይ ጋር የምታብቃቃ ሴት የወር አበባዋ ቢዛባ የሚገርም አይደለም።

የሚያሳስበኝ ይህ ሁሉ ሰበብ እውነት መሆኑ ነው። እውነት ስለሆነም ሌላውን ይሸፍናል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል የአንዳንዶቹ ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል የሚያመርተው አካል፣ ያለጊዜው ሥራ እያቆመ ነው። ሴት በአማካይ የምታርጠው በ50 ወይም በ51 ዓመቷ ገደማ ነው። ይህ ከ40 ዓመት በፊት ሲሆን ያለጊዜ የኦቫሪ መዳከም ይባላል። ለረጅም ጊዜ ከ100 ሴቶች አንዷን ይይዛል ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያ ቁጥሩን 3.5 በመቶ አድርሶታል። ብርቅ ነገር አይደለም ማለት ነው። ሳይታወቅ የሚያልፈው እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ኦቫሪ የሚያመነጨውን ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያጡ አጥንትና ልብ የሚከፍሉት ዕዳ ነው።

ምልክቶቹም ሐዋሳ ላይ ሌላ በሽታ ይመስላሉ። ሌሊት በላብ ተጠምቆ መንቃት በስምጥ ሸለቆ ከተማ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ወባን ነው፤ ቀጥሎ ታይፎይድን፣ ካልሆነም ሳንባ ነቀርሳን። መጠርጠሩ ተገቢ ነው፣ መመርመርም አለበት። ነገር ግን ሙቀቱ ከደረት ተነስቶ ወደ ፊት እየወጣ ደቂቃዎች ብቻ የሚቆይ ከሆነ፣ ቴርሞሜትር ሲገባ ትኩሳት ከሌለ፣ የወባ ደም ፊልምም ደጋግሞ ነፃ ከወጣ፣ ቀጣዩ ጥያቄ «የወር አበባሽ መቼ ነበር?» መሆን አለበት። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል።

የደም ምርመራው ምን እንደሚለካ ለመረዳት የኦቫሪንና የአንጎልን ግንኙነት ማወቅ ይጠቅማል። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ከረጢቶች፣ ማለትም ፎሊክሎች፣ ይዛ ትወለዳለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ይቀራሉ። አዲስ አይፈጠርም። በየወሩ ጥቂቶቹ ሲያድጉ ኢስትራዲዮል (ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት) እና ኢንሂቢን ቢ የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ፤ እነዚህም አንጎል ሥር ላለው ፒቱታሪ ዕጢ «በቃ፣ ሰምተናል» የሚሉ መልእክቶች ናቸው። ፒቱታሪ ፎሊክሎቹን የሚቀሰቅሰው ኤፍ ኤስ ኤች በተባለው ሆርሞን ነው። ፎሊክሎቹ ሲያልቁ ወይም መልስ መስጠት ሲያቅታቸው፣ የጠራችው ልጅ አልሰማ ስትላት ድምጿን እያጎላች እንደምትሄድ እናት፣ ፒቱታሪም ኤፍ ኤስ ኤች ይጨምራል። ስለዚህ ከፍ ያለ ኤፍ ኤስ ኤች ማለት የፒቱታሪ ጤና ማጣት ሳይሆን የኦቫሪ ዝምታ ነው። ኤ ኤም ኤች የሚባለው ሌላው ሆርሞን ደግሞ የሚወጣው ገና ትንንሽ ከሆኑት ፎሊክሎች ስለሆነ የቀረውን ክምችት ያንፀባርቃል።

አሁን ወደ ምርመራው ቅደም ተከተል። ከሁሉ በፊት የእርግዝና ምርመራ ይደረግ፤ «እኔ እንኳን አላረገዝኩም» መባሉ አይበቃም። ቀጥሎ በአንድ የደም ናሙና ኤፍ ኤስ ኤች፣ ኢስትራዲዮል፣ የእንቅርት ዕጢን የሚያሳየው ቲ ኤስ ኤች እና የጡት ወተት ሆርሞን የሆነው ፕሮላክቲን ይታዘዙ። እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርገው የፒቱታሪ ሆርሞን፣ ኤል ኤች፣ ቢጨመር ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ወደታች አመጣዋለሁ። እነዚህ አራት አምስት ምርመራዎች ተራ የሆርሞን ማሽን ባለው ላብራቶሪ የሚሠሩ ናቸው፤ ሴትየዋን በብዙ አቅጣጫ እንዳትንከራተት የሚያደርጓትም እነሱ ናቸው።

ብዙ ሴቶች ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ኤ ኤም ኤችን ነው፣ «የእንቁላል ቁጥር ምርመራ» እየተባለ ስለሚነገርላቸው። ዋጋው ከሌሎቹ ይበልጣል፤ በብዙ ላብራቶሪም ስለማይሠራ ናሙናው ከከተማ ከተማ ይጓዛል። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ያለጊዜ የኦቫሪ መዳከምን የሚያረጋግጠው ዋናው ምርመራ ኤፍ ኤስ ኤች ነው። የ2024ቱ መመሪያም ኤ ኤም ኤችን የሚጠራው የኤፍ ኤስ ኤች ውጤት ሲያጠራጥር ለማገዝ ነው። የወር አበባዋ በየ28 ወይም በየ30 ቀኑ የሚመጣላት ሴት ኤ ኤም ኤች ዝቅ ስላለ ብቻ «ኦቫሪሽ ሞቷል» መባል የለባትም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑና የመካንነት ታሪክ የሌላቸው 750 ያህል ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ኤ ኤም ኤች ዝቅ ያለባቸው ሴቶች በተፈጥሮ መንገድ የማርገዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ኤ ኤም ኤች ኦቫሪ በመድኃኒት ሲቀሰቀስ ስንት እንቁላል ሊሰጥ እንደሚችል ይገምታል፤ ቤተሰብ ለመመሥረት «ስንት ዓመት ቀረኝ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም። የወር ቀለብን ያህል ገንዘብ ለዚህ ጥያቄ የምታወጣ ሴት ይህን አስቀድማ ማወቅ ይገባታል።

የወር አበባዋ እየተዛባም ቢሆን አሁንም የሚመጣላት ሴት ኤፍ ኤስ ኤችንና ኢስትራዲዮልን በመጣ በ2ኛው፣ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ትመርመር። የመጀመሪያው ቀን የሚባለው ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ነው፤ ቡናማ ጠብታ የታየበት ቀን አይቆጠርም። ጨርሶ ከቀረባት ግን መጠበቅ አያስፈልግም፣ በየትኛውም ቀን ይቀዳል። ኤ ኤም ኤች ከወር አበባ ቀን ጋር ብዙም አይለዋወጥም። ለነዚህ ሆርሞኖች መጾም አያስፈልግም፤ ስኳርና ኮሌስትሮል አብረው ከታዘዙ ግን ላብራቶሪው የሚለውን መከተል ነው። ፕሮላክቲን በእንቅልፍ ሰዓት ስለሚጨምር ከነቁ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ፣ ጥቂት አርፎ መሰጠት አለበት። መርፌ በመፍራት ብቻም ከፍ ሊል ይችላል፤ ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮላክቲን ተደግሞ ሳይታይ ወደ ጭንቅላት ምርመራ መሮጥ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው፤ የቀን አቆጣጠሩ። ሴትየዋ «ጥቅምት 3 መጣብኝ» ትላለች፣ ነርሷ 3/2 ብላ ትጽፋለች፣ ማሽኑ ግን የሚያትመው በፈረንጅ ነው። ሌላ ባለሙያ ያንን 3/2 እንደ ፌብሯሪ 3 ካነበበው ውጤቱ ከዑደቷ ጋር አይገናኝም፤ ጥቅምት 3 በዚያኛው አቆጣጠር ኦክቶበር 13 ገደማ ነው። በእኛ ወር ያለው ቀንና በፈረንጁ ያለው ቀን እንደ ወሩ እስከ 10 ቀን ስለሚለያዩ፣ በ3ኛው ቀን የተቀዳ ደም በ12ኛው ቀን የተቀዳ ሊመስል ይችላል። ነሐሴ ላይ የቀረ የወር አበባ ሲቆጠርም ጳጉሜ ትረሳለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይታከልበት፣ ደሙ የተቀዳው በስንተኛው ቀን እንደሆነም በምርመራ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

የወሊድ መከላከያን በተመለከተ ጥያቄው ረጋ ተብሎ መጠየቅ አለበት። አንዳንዷ ባሏ ወይም አማቷ አብረው ስላሉ መርፌ መውሰዷን አትናገርም፤ ስለዚህ ብቻዋን ትጠየቅ። ሁለቱን ሆርሞኖች፣ ኢስትሮጅንንና ፕሮጄስትሮን መሰሉን፣ የያዘው ኪኒን ኤፍ ኤስ ኤችን በጣም ይጫናል፤ እየወሰደች የተለካ ዝቅተኛ ኤፍ ኤስ ኤች ምንም አያረጋግጥም። ከዚያም በላይ ኪኒኑ ራሱ በየወሩ ደም ያመጣል። ኦቫሪዋ ሥራ ያቆመ ሴት ለዓመታት «የወር አበባዬ ይመጣል» ብላ የምትኖረው በዚህ ነው፤ ኪኒኑን ስታቆም ነው ጉዱ የሚወጣው። ዲፖ የኪኒኑን ያህል አይጫንም፤ ስለዚህ በዲፖ ላይ ሆና ኤፍ ኤስ ኤች ከፍ ካለ ያ ውጤት ክብደት አለው፣ ደህና መምጣቱ ግን ነፃ አያደርጋትም። የመጨረሻውን መርፌ ከተወጋች በኋላ የወር አበባ ለመመለስ ዘጠኝና አሥር ወር ሊፈጅ ይችላል። ይህ ማለት ግን ሙቀት የሚነድባት፣ ግንኙነት የሚያማት፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት አሥር ወር ትጠብቅ ማለት አይደለም፤ ምልክት ካለ ደሙ አሁኑኑ ይታይ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ሆነ ኪኒኑ ኤ ኤም ኤችን ዝቅ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ መከላከያ ላይ ሆኖ የተለካ ትንሽ ቁጥር ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም።

ሌላው ስውር ነገር ባዮቲን ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ ከመድኃኒት ቤትም ከመዋቢያ ሱቅም የሚገዛው ኪኒን 5 ወይም 10 ሚሊግራም ባዮቲን ሊይዝ ይችላል፤ ማሸጊያው ላይ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ የሆርሞን ማሽኖች ራሳቸው በባዮቲን ስለሚሠሩ፣ ደም ውስጥ ያለው ትርፍ ባዮቲን ያሳስታቸዋል። በነዚህ ማሽኖች ኤፍ ኤስ ኤችና ቲ ኤስ ኤች በሐሰት ዝቅ ይላሉ፣ ኢስትራዲዮል ደግሞ በሐሰት ከፍ ይላል። ተመልከቱ፤ ሁለቱም ስሕተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፉት፣ የታመመውን ኦቫሪ ደህና ወደማስመሰል። የኦቫሪ መዳከም ደግሞ ፀጉርን ሊያሳሳ ስለሚችል፣ ባዮቲን የምትገዛው ብዙ ጊዜ ራሷ ምርመራው የሚያስፈልጋት ሴት ናት። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ማቆም ይበቃል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ቢሆንም መጠየቁ ምንም አያስወጣም።

ስለ ናሙናው። ለሆርሞን የሚቀዳው ደም ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ባለው ቱቦ ይገባል። ለ30 ደቂቃ ያህል ቆሞ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ በሚሽከረከር ማሽን፣ በሴንትሪፉጅ፣ ሴረሙ ማለትም የደሙ ጥሩ ፈሳሽ ይለያል። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ መሄድ ያለበት የተለየው ሴረም ነው፣ በረዶ ባለው መያዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ውስጥ ሆኖ። ሳይለይ 275 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ የተጓዘ ደም ቀዮቹ ሕዋሶቹ ፈርሰው፣ ሴረሙ ቀልቶ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለው ናሙና መጣል አለበት። ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነ ሴትየዋ «ዛሬውኑ ይሄዳል ወይስ እስኪጠራቀም ይቆያል? እንዴት ይቀመጣል?» ብላ ብትጠይቅ መብቷ ነው።

አሁን ወረቀቱ መጣ እንበል። መጀመሪያ የሚታየው መለኪያው ነው። ኤፍ ኤስ ኤች ላይ ችግር የለም፤ በሊትር ዓለም አቀፍ አሃድም ሆነ በሚሊሊትር ሚሊ አሃድ ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው። ኢስትራዲዮል ግን በፒኮግራም ሲጻፍ 20 የነበረው በፒኮሞል 73 ይሆናል፤ ማባዣው 3.67 ነው። ኤ ኤም ኤች ከናኖግራም ወደ ፒኮሞል ሲሄድ በ7.14 ይባዛል። በፒኮሞል 5 የሆነ ኤ ኤም ኤች በናኖግራም 0.7 ብቻ ነው፤ መለኪያውን ያላየ ሰው 5 ናኖግራም መስሎት «እንቁላልሽ ብዙ ነው» ብሎ ይሰዳታል። በተለያዩ ማሽኖች የተለካ ኤ ኤም ኤችም እርስ በርሱ አይወዳደርም፤ ዓምና በአንዱ ዘንድሮ በሌላው አሠርታ «ወረደ» ማለት አይቻልም።

መመሪያው ያስቀመጠው መስመር ይህ ነው፦ ዕድሜ ከ40 በታች፣ የወር አበባ ቢያንስ ለ4 ወር የቀረ ወይም የተዛባ፣ ኤፍ ኤስ ኤች ከ25 በላይ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የቀድሞው መመሪያ ከ4 ሳምንት በላይ ተራርቀው የተወሰዱ ሁለት ከፍተኛ ውጤቶችን ይጠይቅ ነበር፤ የ2024ቱ አንድ ይበቃል፣ ካጠራጠረ ግን ይደገም ይላል። ኤፍ ኤስ ኤች 70፣ ኢስትራዲዮል ከ20 ፒኮግራም በታች፣ ምልክቶቹም ያሉባትን ሴት አንድ ወር ማስጠበቅ አያስፈልግም። ቁጥሩ ከ25 እስከ 40 መሃል ሲሆን ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ እንዲደገም እመክራለሁ፣ በተለይ ናሙናው ርቆ የተጓዘ ወይም ቀኑ የተምታታ ከሆነ። እንዲህ ያለው ስም በአንዲት ሴት ላይ ከተለጠፈ ትዳሯን ሁሉ ሊነካ ይችላል፤ አንድ ተጨማሪ የደም ቱቦ አይበዛበትም።

ቁጥሮቹ ተጣምረው ነው መነበብ ያለባቸው። ኤፍ ኤስ ኤች 9 ሆኖ ጤነኛ ሲመስል በዚያው ናሙና ኢስትራዲዮል 110 ፒኮግራም ከሆነ፣ በ3ኛው ቀን ይህን ያህል ኢስትራዲዮል ኤፍ ኤስ ኤችን ጨቁኖ ሊሆን ይችላልና ያ 9 አይታመንም፤ በሌላ ዑደት ይደገም። ኤፍ ኤስ ኤች 20፣ ኤል ኤች ደግሞ 55 ከሆነ፣ ደሙ የተቀዳው እንቁላል ሊለቀቅ በተቃረበበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቀን ሁለቱም ይወጣሉ፣ ኤል ኤች ግን በብዙ ይበልጣል። ኦቫሪ ሲዳከም አብዛኛውን ጊዜ የሚበልጠው ኤፍ ኤስ ኤች ነው። ኤል ኤችን አብሮ ማዘዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ኤፍ ኤስ ኤች 6፣ ኤ ኤም ኤች ደግሞ በናኖግራም 9 ከሆነ የወር አበባው የቀረው ፎሊክል ጠፍቶ ሳይሆን በዝቶ፣ በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ያ ፍጹም ሌላ መንገድ ነው።

ኢስትራዲዮልም ኤፍ ኤስ ኤችም አብረው ዝቅ ካሉ ችግሩ ከላይ፣ ከአንጎል ነው። ብዙ ኪሎ የቀነሰች ወይም በጣም የምትሮጥ ሴት እንዲህ ይታይባታል። እኛ አገር ግን አንድ ጥያቄ መቼም መዘለል የለበትም፦ «ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር? ከዚያ በኋላ ወተት መጣልሽ?» በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ፒቱታሪዋ ደም አጥቶ ሊጎዳ ይችላል፤ የሺሃን በሽታ ይባላል። ጡቷ ወተት ሳይይዝ ይቀራል፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ ትደክማለች፣ ብርድ አትችልም። የሷ ቲ ኤስ ኤች ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል የእንቅርት ዕጢው ሆርሞን ራሱ፣ ነፃው ቲ 4፣ መለካት አለበት፤ ከአድሬናል ዕጢ የሚወጣውና ሰውነት ሕመምን እንዲቋቋም የሚረዳው የጠዋት ኮርቲሶልም። ይህች ሴት በስሕተት «አርጠሻል» ተብላ ከተሸኘች፣ ኮርቲሶል አጥታ በአንድ ተራ ኢንፌክሽን ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። ሆርሞኖቹ ሁሉ ደህና ሆነው ደም የማይመጣ ከሆነ ደግሞ ማኅፀኗ ይታይ፤ ከተጠረገ በኋላ የተጣበቀ ወይም በነቀርሳ የተጎዳ የማኅፀን ግድግዳ ከሆርሞን ምርመራ ውጭ ነው።

ውጤቱ ያለጊዜ የኦቫሪ መዳከም ነው ከተባለ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ባይገኝም እንኳ። የካንሰር መድኃኒት በተለይ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ የሆድ ሥር ጨረርና በኦቫሪ ላይ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ከታሪኳ ይታወቃሉ። ሰውነት የራሱን ዕጢዎች እያጠቃ እንደሆነ ለማወቅ ከደም የሚታዩት የእንቅርት ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው፤ ከተገኙ ቲ ኤስ ኤች በየዓመቱ ይታያል። ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ባይገኝ እንኳ የጠዋት ኮርቲሶል፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ይታዩ፤ ድካም፣ ስትቆም ማዞር፣ ጨው ጨው ማሰኘት፣ በድድና በመዳፍ መስመሮች ላይ የመጣ ጥቁረትም ይጠየቅ። በጠይም ቆዳ ላይ የፊት መጥቆር በቀላሉ ስለማይለይ ድድና መዳፍ ይሻላሉ።

የክሮሞሶም ምርመራ ከ40 በታች ላሉ ሁሉ ይመከራል፣ በተለይ አጭር ለሆነችና በ15 ዓመቷ የወር አበባ ላላየች ልጅ። ናሙናው ግን ከሆርሞኑ ጋር አንድ አይደለም። አረንጓዴ ክዳን ባለው፣ ሄፓሪን በያዘ ቱቦ ይቀዳል፤ ሴንትሪፉጅ አይገባም፣ በረዶም አይነካውም፤ ሕዋሶቹ በሕይወት ላብራቶሪ መድረስ አለባቸው፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ከሐዋሳ አይላክም። ተሰባሪ ኤክስ የተባለው በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ምርመራ፣ ኤፍ ኤም አር 1 የሚባለው፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይሄዳል። በቤተሰቧ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ወንድ ልጅ ወይም በእርጅና እጁ የሚንቀጠቀጥና ሚዛኑን የሚስት አያት ካለ ይህ ምርመራ ይበልጥ ያስፈልጋል።

«መካን ነሽ» የሚለው ቃል ከዚህ ውጤት ጋር አብሮ መነገር የለበትም። ኦቫሪው ከዝምታው አልፎ አልፎ ይነቃል፤ 5 በመቶ ያህሉ ሴቶች ያለ ሕክምና ያረግዛሉ። ልጅ የማትፈልግም ካለች መከላከያ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ባልም የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርግ፤ የሷ ወረቀት እሱን ከምርመራ አያወጣውም።

ሕክምናው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ቢፈልግም አንዱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ልጅ ፈለገችም አልፈለገችም ኢስትሮጅን ያስፈልጋታል፣ ተፈጥሯዊው የማረጫ ዕድሜ እስኪደርስ፣ 50 ዓመት ገደማ ድረስ። የተለመደው መጠን በቀን 2 ሚሊግራም የኢስትራዲዮል ኪኒን ወይም 100 ማይክሮግራም የሚለጠፍ ሲሆን፣ ማኅፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን አብሮ ይሰጣል። ይህ ካልተገኘና የማይከለክላት ነገር ከሌለ ሁለቱን ሆርሞኖች የያዘው የወሊድ መከላከያ ኪኒን በሐኪም ምክር ሊተካ ይችላል። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ግን ሁለቱንም አትወስድም። «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» የሚለው ፍርሃት በአብዛኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ከተቋረጠው የአሜሪካ ጥናት ነው፤ እዚያ የተሳተፉት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ሰውነቷ ሊኖረው የሚገባውን ሆርሞን የምትተካ የ30 ዓመት ሴት ከነሱ ጋር አትወዳደርም። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ኤፍ ኤስ ኤችን ደጋግሞ መለካት ጥቅም የለውም፤ ገንዘቡ ለአጥንት ጥግግት ምርመራ ይዋል።

እናቷ ወይም ታላቅ እህቷ ከ40 በፊት ያረጠች ሴት የራሷን ዕጣ አስቀድማ ለማወቅ ትፈልጋለች። በቤተሰቡ ላይ የታወቀ የክሮሞሶም ወይም የኤፍ ኤም አር 1 ለውጥ ካልተገኘ በቀር፣ ደህና የምትታይ እህት መቼ እንደምታርጥ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚናገር የደም ምርመራ የለም፤ ኤ ኤም ኤችም ቢሆን። ልታደርገው የምትችለው የወር አበባዋን መነሻ ቀን በየወሩ መመዝገብ፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካላት ከሐኪም ጋር ጊዜውን መነጋገር፣ የወር አበባዋ ከተዛባም 4 ወር ሳይሞላት የእህቷን የውጤት ወረቀት ቅጂ ይዛ መመርመር ነው።